የፕሮሰሰር ጣሪያ ስሌት፦ 1996.8 ጊጋፍሎፕስ ከየት መጣ፣ 5.6ስ ለምን ሆነ?

ጥያቄ፦ «ኮር አይ9-12900ኬ ፕሮሰሰርና በሁለት ቻናል የገባ ዲዲአር5-4800 ራም ያለው ማሽን አለኝ። መግለጫው 24 ትሬድና እስከ 5.2 ጊጋኸርዝ ይላል። አንድ ኮር በሳይክል 16 ስሌት እንደሚሠራ ስላነበብኩ 24 × 5.2 × 16 አባዝቼ 1996.8 ጊጋፍሎፕስ አገኘሁ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን ደብል በያዙ ሁለት አሬዮች ላይ የኤክስን እያንዳንዱን ቁጥር በአንድ ቋሚ አባዝታ ዋይ ላይ የምትደምር ሉፕ በሁሉም ትሬድ ሳስሮጥ 5.6 ጊጋፍሎፕስ ብቻ ነው የማገኘው። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ትልልቆቹ ኮሮች 4.9፣ ትንንሾቹ 3.7 ጊጋኸርዝ ያሳያሉ። ማሽኑ ችግር አለበት ወይስ ስሌቴ ተሳስቷል?»

ምላሽ፦

ማሽንዎ ጤነኛ ነው። ስሌትዎ ግን ሦስት ቦታ ላይ ተጋንኗል፤ በሰጡት ፍሪኩዌንሲ የፕሮሰሰሩ ትክክለኛ ጣሪያ፣ ማለትም ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ልክ፣ 864 ጊጋፍሎፕስ ነው (አንድ ጊጋፍሎፕስ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን የአስርዮሽ ቁጥር ስሌት ነው)። ሉፕዎ ደግሞ እዚያ ጣሪያ አጠገብ ሊደርስ አይችልም፤ ከዚያ በፊት ሌላ ጣሪያ ያቆመዋል፤ ይኸውም የራሙ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሉፕ የራሙ ጣሪያ 6.4 ጊጋፍሎፕስ ላይ ነው። ስለዚህ 5.6 ማግኘት ማለት ከሚቻለው 87.5 በመቶውን መውሰድ ነው፤ ይህ በጣም ጥሩ ውጤት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዴት እንደሚወጡ ደረጃ በደረጃ እንየው፤ አሠራሩ ለሌላ ለማንኛውም ፕሮሰሰር ያገለግላል።

መነሻው ይህ ነው፦

ጣሪያ = የሶኬት ብዛት × በአንድ ሶኬት ያሉ ኮሮች × ፍሪኩዌንሲ × አንድ ኮር በሳይክል የሚሠራው ስሌት

ሶኬት ማለት በማሽኑ ላይ የተሰካ አንድ ፕሮሰሰር ነው፤ ኮር በውስጡ ያለ ራሱን የቻለ ስሌት ሠሪ፣ ሳይክል ደግሞ የኮሩ አንድ ምት፤ ፍሪኩዌንሲው በሰከንድ ስንት ሳይክል እንዳለ ይናገራል። ፍሪኩዌንሲውን በጊጋኸርዝ ካስገቡ መልሱ በጊጋፍሎፕስ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከመግለጫው ላይ በቀላሉ ይነበባሉ። ሰው የሚሳሳተው በኋለኞቹ ሁለት ነው፤ በተለይ በመጨረሻው፤ ምክንያቱም በአምራቾች መግለጫ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። እሱን የምናገኘው እንዲህ ነው፦ በአንድ ቬክተር ሬጅስተር (ብዙ ቁጥሮችን ጎን ለጎን ይዞ በአንድ ትእዛዝ የሚያሠራ የኮሩ ውስጣዊ መያዣ) ውስጥ የሚገቡት ቁጥሮች ብዛት፣ ሲባዛ በኮሩ ውስጥ ባሉት የኤፍኤምኤ ክፍሎች ብዛት፣ ሲባዛ በ2።

ኤፍኤምኤ የሚባለው ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ የሚሠራ ክፍል ነው። በ2 የምናባዛውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ትእዛዝ ሁለት ስሌት ተብሎ ይቆጠራል። ለምሳሌ ኤቪኤክስ2 የሚባለው የቬክተር ትእዛዞች ስብስብ ባለ 256 ቢት ሬጅስተር ይጠቀማል። ደብል የሚባለው የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት 64 ቢት ስለሆነ አንድ ሬጅስተር 4 ደብል ይይዛል። ኮሩ ሁለት የኤፍኤምኤ ክፍሎች ካሉት 4 × 2 × 2 = 16 ይሆናል። ባለ 32 ቢት ቁጥር ከሆነ በአንድ ሬጅስተር 8 ስለሚገባ 32 ይሆናል። ስለዚህ የትኛውም የጣሪያ ቁጥር ሲነገርዎ «በስንት ቢት?» ብለው መጠየቅ አለብዎ። ያለዚያ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

እርስዎ ያነበቡት 16 ስለዚህ ልክ ነው፤ ግን ለአንድ ዓይነት ኮር ብቻ ነው የሚሠራው። በደብል ስንቆጥር ከትውልድ ትውልድ ያለው ልዩነት ይህን ይመስላል። ኔሃለም የሚባለው የኢንቴል ትውልድ በሳይክል 4 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሳንዲ ብሪጅ ወደ 8 አደገ፤ እሱ ግን ኤፍኤምኤ የለውም። አንድ የማባዣና አንድ የመደመሪያ ክፍል ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ነው 8 የሚሆነው። ፕሮግራሙ መደመር ብቻ ከሆነ ግማሹ ክፍል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ጣሪያውም 4 ነው። ሃስዌል በ2013 ሁለት ባለ 256 ቢት የኤፍኤምኤ ክፍሎች ይዞ መጣና 16 ሆነ። በኤኤምዲ በኩል የ2017ቱ ዜን 8 ነው፤ የ2019ኙ ዜን 2 ደግሞ 16።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የ2022ቱ ዜን 4 ኤቪኤክስ-512ን (ባለ 512 ቢት የቬክተር ትእዛዞችን) ስለሚደግፍ ብዙ ሰው 32 ብሎ ያሰላዋል። ውስጡ ያሉት የስሌት ክፍሎች ግን ባለ 256 ቢት ናቸው፤ አንዱን ባለ 512 ቢት ትእዛዝ በሁለት ሳይክል ነው የሚያሳልፉት። ስለዚህ እሱም 16 ነው። የ2024ቱ ዜን 5 በዴስክቶፕና በሰርቨር ላይ በሙሉ 512 ቢት ስለሚሠራ 32 ይደርሳል። ተመሳሳይ ጉዳይ በኢንቴልም አለ፦ በ2017 በወጡት የዚዮን ስኬለብል የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ፕላቲነም የሚባሉት ሁለት ባለ 512 ቢት የኤፍኤምኤ ክፍሎች ሲኖሯቸው 32 ይሆናሉ፤ ሲልቨርና ብሮንዝ ግን አንድ ብቻ ስላላቸው 16 ላይ ይቀራሉ። የትእዛዝ ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ፕሮግራሙም በሁለቱ ላይ ሳይቀየር ይሠራል፤ ጣሪያው ግን በእጥፍ ይለያያል። እንግዲህ «ኤቪኤክስ-512 አለው» የሚለው መረጃ ብቻውን ለስሌት አይበቃም፤ ክፍሎቹ ስንት እንደሆኑና ስንት ቢት እንደሚሰፉ መታወቅ አለበት።

በአርም ንድፍ በሚሠሩ ፕሮሰሰሮች በኩል ኒዮቨርስ ኤን1 ሁለት ባለ 128 ቢት ክፍሎች ስላሉት 2 × 2 × 2 = 8 ነው። የአፕል ኤም1 ትልቁ ኮር ደግሞ አራት ባለ 128 ቢት ክፍሎች አሉት፤ ስለዚህ ቬክተሩ ጠባብ ቢሆንም 2 × 4 × 2 = 16 ይወጣል።

አሁን ወደ እርስዎ ስሌት እንመለስ።

የመጀመሪያው ስሕተት ትሬድ መቁጠርዎ ነው። ሃይፐርትሬዲንግ አንዱን ኮር ለሁለት ትሬድ ያጋራል እንጂ የስሌት ክፍሎችን አይጨምርም። ሁለቱ ትሬዶች በዚያው በሁለት የኤፍኤምኤ ክፍል ላይ ይጋፋሉ። ጣሪያ ሲሰላ የሚቆጠረው ኮር ብቻ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ያሉት ደግሞ 16 ናቸው።

ሁለተኛው፦ 16ቱ ኮሮች እኩል አይደሉም። 8ቱ ትልልቅ ኮሮች በሳይክል 16 ይሠራሉ። 8ቱ ትንንሽ ኮሮች ግን ሁለት ባለ 128 ቢት የኤፍኤምኤ ክፍሎች ነው ያሏቸው፤ ባለ 256 ቢት ትእዛዝ ሲመጣላቸው ለሁለት ከፍለው ያስኬዱታል። ስለዚህ በሳይክል 8 ናቸው።

ሦስተኛው ፍሪኩዌንሲው ነው። 5.2 ጊጋኸርዝ አንድ ወይም ሁለት ኮር ብቻ ሲሠራ ለአጭር ጊዜ የሚደረስበት ቁጥር ነው። ሁሉም ኮሮች ሲጫኑ እርስዎ ራስዎ ያዩትን 4.9 እና 3.7 ነው መውሰድ ያለብዎ።

በዚህ መሠረት የትልቁ ኮር ጣሪያ 16 × 4.9 = 78.4 ነው፤ ስምንቱ 627.2 ይሰጣሉ። የትንሹ 8 × 3.7 = 29.6፤ ስምንቱ 236.8። ድምሩ 864 ጊጋፍሎፕስ። የእርስዎ ቁጥር ከዚህ 2.3 እጥፍ ይበልጣል። በመነሻ ፍሪኩዌንሲው (አምራቹ ለመደበኛ ሥራ ባስቀመጠው)፣ ማለትም በ3.2 እና በ2.4 ካሰሉት ደግሞ 409.6 + 153.6 = 563.2 ይመጣል። የኃይል አቅርቦቱ ወይም ማቀዝቀዣው ደካማ በሆነ ማሽን ላይ ለረጅም ጊዜ የሚጠበቀው ወደዚህኛው ይጠጋል።

የትኛውን ፍሪኩዌንሲ ልጠቀም የሚለው ጥያቄ በሰርቨር ፕሮሰሰር ላይ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሰፋፊ ቬክተሮች ሙቀትና ኃይል ስለሚጨምሩ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለ 28 ኮሩን ዚዮን ፕላቲነም 8180ን እንውሰድ። በመግለጫው ፊት ለፊት ያለው መነሻ ፍሪኩዌንሲ 2.5 ነው፤ 28 × 32 × 2.5 = 2240 ጊጋፍሎፕስ። ነገር ግን ለኤቪኤክስ-512 ሥራ የተወሰነው መነሻ 1.7 ነው፤ እሱ 1523.2 ይሰጣል። ሁሉም ኮሮች ኤቪኤክስ-512 እየሠሩ በቱርቦ (ከመነሻው በላይ በሚፈቀደው ፍጥነት) የሚደርሱበት 2.3 ሲሆን 2060.8 ይወጣል። በአንድ ኮር ቱርቦ፣ በ3.8 ያሰላ ሰው ደግሞ 3404.8 ብሎ ይጽፋል። ፕሮሰሰሩ ያው አንዱ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ከእጥፍ በላይ ይራራቃሉ። እኔ የምመክረው 1523.2ን እንደ ወለል፣ 2060.8ን እንደ ጣሪያ ወስዶ ሁለቱንም ከነፍሪኩዌንሲያቸው መጻፍ ነው። 3404.8 ግን የትኛውም ፕሮግራም በምንም ሁኔታ የማይደርስበት ስለሆነ መጻፍ የለበትም።

ይህ የማባዛት አሠራር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ክሬይ-1 በ80 ሜጋኸርዝ በሳይክል አንድ ብዜትና አንድ ድምር ይሠራ ስለነበር ጣሪያው 160 ሜጋፍሎፕስ ተብሎ ይነገር ነበር። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ የጃፓኑ ፉጋኩ አለ። 158,976 ኖዶች (በመረብ የተያያዙ ነጠላ ማሽኖች)፣ በእያንዳንዱ ኖድ ለስሌት የተመደቡ 48 ኮሮች፣ በሳይክል 32፣ በ2.2 ጊጋኸርዝ። ሲባዛ 537.21 ፔታፍሎፕስ ይወጣል፤ በዓለም የሱፐርኮምፒውተሮች ዝርዝር ላይ የተጻፈው የንድፈ ሐሳብ ጣሪያም ልክ ይኸው ነው። ስሌቱን በእጅ ሠርቶ ከታተመው ቁጥር ጋር ማመሳከር ፎርሙላው ገብቶኛል ወይ ብሎ ራስን ለመፈተን ጥሩ መንገድ ነው።

ፉጋኩ በሊንፓክ ፈተና ያገኘው 442.01 ፔታፍሎፕስ ነው፤ ከጣሪያው 82 በመቶ ገደማ። ሊንፓክ በአብዛኛው የማትሪክስ ብዜት ነው። ያው ማሽን ኤችፒሲጂ በሚባለው፣ ማህደረ ትውስታን አብዝቶ በሚያመላልሰው ፈተና ላይ ወደ 16 ፔታፍሎፕስ ብቻ ነው ያገኘው፤ 3 በመቶ። የእርስዎ ሉፕ ዘመዱ ይህኛው ነው። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጣሪያ እንግባ።

የራም ባንድዊድዝ (በሰከንድ የሚያመላልሰው የዳታ መጠን) የሚሰላው በቻናል ብዛት × 8 ባይት × በሰከንድ በሚተላለፈው ብዛት ነው። ለእርስዎ 2 × 8 × 4800 ሚሊዮን = 76.8 ጊጋባይት በሰከንድ። ዲዲአር5 እያንዳንዱን ቻናል ለሁለት ንዑስ ቻናል ስለሚከፍል አንዳንድ ፕሮግራሞች «4 ቻናል» ብለው ያሳያሉ። ንዑስ ቻናሉ ግን 4 ባይት ስለሆነ 4 × 8 ብለው እንዳያባዙ ይጠንቀቁ።

አሁን ሉፕዎን በቅርበት እንየው። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ብዜትና አንድ ድምር ይሠራል፤ 2 ስሌት። ለዚያ ሲል ኤክስን ያነባል፣ 8 ባይት፤ ዋይን ያነባል፣ 8 ባይት፤ ዋይን መልሶ ይጽፋል፣ 8 ባይት። በድምሩ 24 ባይት። እያንዳንዱ አሬይ 800 ሜጋባይት ነው፤ የፕሮሰሰሩ የመጨረሻ ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ዳታን ለጊዜው የሚይዝ ትንሽና ፈጣን ማህደር) ደግሞ 30 ሜጋባይት ነው፤ ስለዚህ በየዙሩ ሁሉም ነገር ከራም ይመጣል፣ ወደ ራም ይመለሳል። በሰከንድ 76.8 ጊጋባይት ቢመጣ 76.8 ÷ 24 × 2 = 6.4 ጊጋፍሎፕስ። ጣሪያዎ ይህ ነው። 5.6 ሲያገኙ ራሙ በሰከንድ 67.2 ጊጋባይት እያመላለሰ ነው። ቀሪው በራም ማደሻና ከማንበብ ወደ መጻፍ በመቀያየር የሚባክን ስለሆነ ከዚህ ብዙ አያልፍም።

ስለዚህ ኮሮቹ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በመጠበቅ ነው። ለማረጋገጥ ትሬዶቹን እየቀነሱ ይሞክሩት፤ ከ24 ወደ 8 ቢወርዱ ውጤቱ ብዙም አይለወጥም። ከራሞቹ አንዱን ነቅለው በአንድ ቻናል ቢያስኬዱት ግን ጣሪያው 3.2 ላይ ይወድቃል፤ ውጤትዎም አብሮ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ «ፕሮሰሰሩ ቀሰስ አለ» ተብሎ የሚነገረው ሁለት የራም ሰሌዳ በአንድ ቻናል ላይ ስለተሰካ ነው። መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ሁለቱን ጣሪያዎች የሚያገናኝ አንድ ቁጥር አለ። 864ን ለ76.8 ያካፍሉ፤ 11.25 ይወጣል። ትርጉሙ፦ ከራም ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ባይት ቢያንስ 11.25 ስሌት የማይሠራ ፕሮግራም በዚህ ማሽን ላይ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ አያይም። የእርስዎ ሉፕ 2 ÷ 24፣ ማለትም 0.083 ነው። የማትሪክስ ብዜት ግን በጎኑ 1000 በሆነ ማትሪክስ 2 ቢሊዮን ስሌት ሲሠራ፣ ሦስቱን ማትሪክሶች አንዴ ብቻ ቢያነብና ውጤቱን አንዴ ቢጽፍ 32 ሚሊዮን ባይት ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ 62.5 ይሆናል። ይህ ዓይነቱ አተያይ ሩፍላይን ይባላል፤ ዊልያምስ፣ ዋተርማንና ፓተርሰን በ2009 ያቀረቡት ነው። ለማንኛውም ፕሮግራም ኮዱን ከመንካት በፊት ይህን ማካፈል ቢሠሩ ብዙ የባከነ ድካም ይተርፍልዎታል።

ዳታው ካሽ ውስጥ ሲገባስ? ያኔም ቢሆን ጣሪያው ወዲያው አይደረስም። ሁለት ምክንያት አለ።

አንደኛው ከካሽ የመጫን አቅም ነው። ለምሳሌ ሃስዌል በሳይክል ከመጀመሪያው ካሽ (ለኮሩ ከሁሉ ቅርብ ከሆነው) ሁለት ቬክተር አንብቦ አንድ ይጽፋል። የእርስዎ ሉፕ ለአንድ ኤፍኤምኤ ሁለት ንባብና አንድ ጽሑፍ ይፈልጋል። ስለዚህ በሳይክል አንድ ኤፍኤምኤ ብቻ ነው የሚመገበው፤ ሁለተኛው ክፍል ባዶ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ፍጹም ቢሆን እንኳ ግማሹ ላይ ያቆማል።

ሁለተኛው መዘግየት ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንን ነው። በስካይሌክ (በሌላው የኢንቴል ትውልድ) ላይ አንድ ድምር ውጤቱ እስኪደርስ 4 ሳይክል ይፈጃል፤ ነገር ግን በየሳይክሉ ሁለት አዳዲስ ድምሮችን ማስጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው ካሽ ውስጥ የገባ የ3000 ደብሎች አሬይ በ4 ጊጋኸርዝ እንደምር እንበል። የኮሩ ጣሪያ 64 ጊጋፍሎፕስ ነው። ተራው ሉፕ አንድ ድምር መያዣ ተለዋዋጭ ይዞ አንድ በአንድ ይደምራል፤ እያንዳንዱ ድምር የፊተኛው እስኪያልቅ ስለሚጠብቅ በ4 ሳይክል 1 ስሌት ይሆናል። ይህም 1 ጊጋፍሎፕስ፣ የጣሪያው 64ኛ እጅ ነው። ወደ ቬክተር ሲቀየር በ4 ሳይክል 4 ስለሚሆን 4 ጊጋፍሎፕስ ይደርሳል። እርስ በርስ የማይጠባበቁ 8 የድምር መያዣ ቬክተሮች ሲኖሩ (4 ሳይክል መዘግየት × 2 ክፍሎች) መስመሩ ሞልቶ 32 ጊጋፍሎፕስ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ አይሄድም፤ ማባዛት የሌለበት ሥራ የኤፍኤምኤን ግማሽ አቅም ብቻ ነው የሚጠቀመው። ከ1 ወደ 32 ያደገው ማሽኑ ሳይቀየር ነው።

ይህን ለውጥ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም) በራሱ አያደርግም። የተንሳፋፊ ነጥብ ድምር ቅደም ተከተሉ ሲቀየር መልሱም በጥቂቱ ስለሚቀየር «ፋስት ማዝ» የሚባለውን ወይም ቅደም ተከተል መለወጥን የሚፈቅደውን አማራጭ እስካልሰጡት ድረስ እጁን ይሰበስባል። ከዚያ በፊት ግን ኮዱ ለራስዎ ፕሮሰሰር እንዲዘጋጅ የሚያዘውን «ማርች ኔቲቭ» የሚለውን አማራጭ መስጠትዎን ያረጋግጡ። ያለ እሱ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ለማንኛውም ባለ 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ እንዲሠራ ብሎ ኤስኤስኢ2 በሚባሉት የቆዩ የቬክተር ትእዛዞች ነው የሚጽፈው፤ ይህም ባለ 128 ቢት ቬክተርና ያለ ኤፍኤምኤ ማለት ነው። ቬክተሩ በግማሽ፣ ኤፍኤምኤ ባለመኖሩ ደግሞ ሌላ ግማሽ፤ ከ16 ወደ 4 ወረዱ ማለት ነው።

ማካፈል የሚበዛበት ኮድ ካለዎት ደግሞ ከጣሪያው ጋር ማወዳደሩን ቢተዉት ይሻላል። በስካይሌክ አንድ የ4 ደብሎች ማካፈል 8 ሳይክል ክፍሉን ይይዛል፤ በሳይክል 0.5፤ ከ16 ጋር ሲተያይ 32 ጊዜ ያንሳል። በቋሚ ቁጥር የሚያካፍሉ ከሆነ ግልባጩን አንዴ አስልተው ያባዙበት።

በእርስዎ ማሽን ላይ ብቻ የሚመጣ ሌላ ጉዳይም አለ። ኮሮቹ እኩል ስላልሆኑ ሥራውን ለ16 እኩል ቢያካፍሉት ትልልቆቹ ቀድመው ጨርሰው ትንንሾቹን ይጠብቃሉ። ሁሉም በትንሹ ኮር ፍጥነት እንደሄዱ ይቆጠራል፤ 16 × 29.6 = 473.6። ከ864ቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው እዚያ ላይ ቀረ። ሥራን ለትሬዶች በሚያከፋፍለው በኦፕንኤምፒ የሚሠሩ ከሆነ አከፋፈሉን ከስታቲክ (አስቀድሞ እኩል ከሚያካፍለው) ወደ ዳይናሚክ ወይም ጋይድድ (ቀድሞ ለጨረሰው ተጨማሪ ወደሚሰጡት) ይቀይሩት። ዛሬ ላለችው ሉፕዎ ግን ይህ ለውጥ አያመጣም፤ ራሙ ነው የያዛትና።

ጣሪያውን በሥራ ለማየት ከፈለጉ የራስዎን ሉፕ ትተው ኦፕንብላስ ወይም ኤምኬኤል በሚባሉት ዝግጁ የሒሳብ ላይብረሪዎች ውስጥ ያለውን የደብል ማትሪክስ ብዜት ያስኪዱ። ጎኑ 8000 የሆነ ማትሪክስ ይውሰዱ፤ ሦስቱ በድምሩ 1.5 ጊጋባይት ገደማ ይይዛሉ። ሥራው 2 × 8000 × 8000 × 8000፣ ማለትም 1024 ቢሊዮን ስሌት ነው። 1.5 ሰከንድ ከፈጀ 682.7 ጊጋፍሎፕስ፣ የ864ቱ 79 በመቶ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን የሚያስደስት ነው። የመጀመሪያውን ሩጫ አይቁጠሩት፤ ገጾች ሲመደቡና ትሬዶች ሲነሱ የሚባክነው ጊዜ ይቀላቀልበታል። እያስኬዱ በጎን ተርቦስታት የሚባለውን የፍሪኩዌንሲ መከታተያ ከፍተው እውነተኛውን ፍሪኩዌንሲ ይመዝግቡ፤ ከዚያ ጣሪያውን በዚያ ቁጥር መልሰው ያሰሉ። ፍሪኩዌንሲው ከ4.9 ወደ 4.2 ወርዶ ካገኙት መቶኛውን የሚያዛባው ፕሮግራሙ ሳይሆን ማካፈያው ነው።

በሳይክል ስንት ስሌት እንደተሠራ ለመለካት የሚሞክሩ ሰዎች አንዳንዴ ከ100 በመቶ በላይ ያገኛሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የሚያነቡት የጊዜ ማኅተም ቆጣሪ በቋሚ ፍጥነት፣ በመነሻው ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ነው የሚቆጥረው እንጂ ኮሩ በሚሮጥበት አይደለም። ኮሩ በ4.9 እየሮጠ ቆጣሪው በ3.2 ከቆጠረ 16ቱ 24.5 መስሎ ይታያል። ፐርፍ የሚባለው መሣሪያ የሚሰጠውን የኮር ሳይክል ቆጠራ ይጠቀሙ።

የራስዎን ትንሽ መፈተኛ ከጻፉ ደግሞ ውጤቱን የግድ ያትሙት፤ ካልታተመ ኮምፓይለሩ ሉፑን በሙሉ ይሰርዘዋል፤ ውጤቱም በማይታመን ፍጥነት ያለቀ ይመስላል። ቁጥሮቹም እየመነመኑ ወደ ዜሮ እንዳይጠጉ ያድርጉ፤ በጣም ትናንሽ የሆኑ ቁጥሮች በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ስሌቱን ያጓትታሉ። በ0.5 እያባዙ 1 ቢደምሩ ቁጥሩ 2 ላይ ይረጋል፤ ለመፈተኛ ይህ ይበቃል።

የግራፊክስ ካርድ ጣሪያም በዚሁ ይሰላል። የኤንቪዲያ ኤ100 6912 የስሌት ክፍሎች × 2 × 1.41 ጊጋኸርዝ በ32 ቢት 19.5 ቴራፍሎፕስ ይሰጣል። በማስታወቂያ ላይ ያለው 624 ግን በ16 ቢት፣ በቴንሰር ኮር (ለማትሪክስ ብዜት በተለየ በተሠራው ክፍል) እና ግማሹ ቁጥር ዜሮ ነው ተብሎ የተቆጠረ ነው፤ ያለ ዜሮዎቹ ግምት 312 ነው።

ለዚያች ለያዝዋት ሉፕ ሊደረግላት የሚገባው እንግዲህ ባይት መቀነስ ነው። የቁጥሮቹ ትክክለኝነት ከፈቀደ ወደ 32 ቢት ቢቀይሯቸው 24ቱ ባይት 12 ይሆናል፤ በዚያው 67.2 ጊጋባይት 11.2 ጊጋፍሎፕስ ያገኛሉ። ከእሷ ቀጥሎ ዋይን እንደገና የሚያነብ ሌላ ሉፕ ካለ ሁለቱን አንድ ላይ ያዋህዷቸው፤ ዋይ አንዴ ከራም ከመጣ በኋላ ሬጅስተር ውስጥ እያለ የሚሠራበት ስሌት ሁሉ ያለ ተጨማሪ ወጪ ነው። ይህ ካልተቻለ ደግሞ አሬዩን በትልቁ ኮር 48 ኪሎባይት የመጀመሪያ ካሽ ውስጥ በሚገባ መጠን፣ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ አሬይ 2000 ደብል በመውሰድ ቆራርጠው፣ በአንዱ ቁራጭ ላይ የሚሠራውን ሁሉ ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይለፉ።